ከዛፉ ሥር የቆመው ሰው

«ወደ ታች አትመልከት፣ ሠረቀ። ግንዱን ብቻ እቀፍ። ቀስ ብለን እናወርድሃለን።»

የማርያምወርቅ ይህን ስትል ድምጿ እንዳይሰበር እየታገለች ነበር። የስምንት ዓመቱ ወንድሟ ሠረቀብርሃን አሮጌው ጥድ ላይ፣ ከቤት ጣሪያ ከፍ ብሎ፣ እጅና እግሩን ግንዱ ላይ ጠምጥሞ ቀርቷል። ዓይኑን ጨፍኗል። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ዛፉን ባወዛወዘው ቁጥር ትንሿ ጀርባው ትንቀጠቀጣለች።

ዛፉን ከበው የቆሙት ልጆች ቅድም ሲሳሳቁ ነበር፤ አሁን ጸጥ ብለዋል። እሷን ቤት ድረስ ሮጦ የጠራት ለይኩን የሚባለው የወንድሟ የክፍል ጓደኛ ነበር።

«እኛ ውጣ አላልነውም» አለ ለይኩን፣ ትንፋሹ ገና ሳይመለስ።

«ታዲያ ምን አላችሁት?»

«ቦቅቧቃ ነህ ነው ያልነው። አጥር መዝለል እንኳ ይፈራላ። እሱ ደግሞ ‹አባቴ እኮ እህቴን ተሸክሞ እዚህ ዛፍ ላይ ይወጣ ነበር› አለ። ጉራህን ተወን አልነው። ከዚያ ብድግ ብሎ ተሰቀለ።»

የማርያምወርቅ ፊቷን ወደ ዛፉ መለሰች። ነገሩን ለወንድሟ የነገረችው ራሷ ነበረች።

«አንዱን እግርህን አውርድ» አለችው ወደ ላይ። «ከበታችህ ቅርንጫፍ አለ።»

ሠረቀብርሃን ዓይኑን ሳይገልጥ እግሩን ሰደደ። ቅርንጫፉን አገኘው። ቀጣዩንም አገኘው። ከዚያ በኋላ የረገጠው ግን ደረቅ ነበር፤ ቀጭ ሲል ሁሉም ሰማው። ልጁ መጀመሪያ ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ አረፈ፣ ከዚያ ተንከባልሎ እግሯ ሥር ወደቀ።

አልጮኸም። ተነሥቶ ተቀመጠና የግራ እጁን አየው። ክንዱ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጥፎ ነበር።

«ወጣሁ አይደል?» አለ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

ያ ጥድ ዛሬ ከየካ በላይ ባለው ዳገት ላይ ብቻውን የቆመ ተራ ዛፍ ነው። ድሮ ግን፣ ከአብዮቱ በፊትና አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን፣ ሙሴ ኒኮላ የሚባሉ ግሪካዊ እዚያ የልጆች መጫወቻ ነበራቸው። የእንጨት ፈረሶች የሚዞሩበት ሽክርክሪት፣ ዥዋዥዌ፣ በቆርቆሮ የተሠራ ረጅም ሸርተቴ ነበረው። ልጅ ሁሉ የሚያለቅስለት ግን የዛፉ ቤት ነበር። ጥዱ ላይ አረንጓዴ ጣሪያና ቀይ መስኮት ያለው እውነተኛ ቤት ተሠርቶ፣ ግንዱን እየዞረ በሚሄድ ደረጃ ይወጣበታል። ከበረንዳው ተነሥቶ ማዶ ወዳለው ሌላ ጥድ የሚያሻግር የገመድ ድልድይም ነበረው። ድልድዩ በተራመዱበት ቁጥር ይወዛወዛል። የተሻገረ ልጅ ደወል ይደውላል። እሁድ እሁድ ያ ደወል ሾላ ድረስ ይሰማ ነበር ይላሉ የሰፈሩ ሰዎች፤ ሲያጋንኑ ይሆናል፣ ግን ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት።

ከዚያ ቦታው ተወረሰ። ሙሴ ኒኮላ አገር ለቀው ሄዱ። የእንጨት ፈረሶቹ የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም። ማዶ ያለው ጥድ ተቆርጦ ማገዶ ሆነ። የዛፉ ቤት ጣውላ ደግሞ ወርዶ ለቀበሌው አዳራሽ አግዳሚ ወንበር ተሠራበት። የማርያምወርቅ የወጣቶች ስብሰባ ሲረዝምባት የተቀመጠችበትን ወንበር በጥፍሯ ትጭራለች። አንዳንዱ ላይ ከግራጫው ቀለም ሥር ቀይ ብቅ ይላል። መስኮቱ ይሆናል ብላ ታስባለች። ተናጋሪው ስለ ምርት ዘመቻ ያወራል፤ እሷ ግን በረንዳው ላይ ናት።

የምታስታውሰው እንዲህ ነው። ገና ሕፃን ናት፣ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ሁለት ትልልቅ እጆች ብብቷ ሥር ይዘዋታል። ደረጃው ይዞራል፣ ሰማዩም አብሮ ይዞራል። ጺም ጉንጯን ይወጋታል። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ሰውየው ይስቃል፤ ሳቁ ደረቱ ውስጥ ሲያስተጋባ ጀርባዋ ላይ ይሰማታል። ከዚያ ደወሉ ይመጣል። እጇን በእጁ ይዞ ገመዱን አብሯት ይስባል።

ያ ሰው አባቷ ነበር። ከዚያ ሌላ የአባቷ ትዝታ አላት ማለት አይቻልም። አባቷ ሣህሌ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበር። በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምህረት አንድ ቀን ጠዋት ሰዎች በመኪና መጥተው «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። እናቷ ዘውድነሽ ያኔ ሠረቀብርሃንን አርግዛ ነበር። በዚያው ሳምንት የባሏን መጻሕፍትና ፎቶግራፎች ሁሉ አቃጠለች፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያደረገ ብዙ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቤት ውስጥ አይነሣም። ሰው ከጠየቃት «የለም» ትላለች፣ ሌላ ቃል አትጨምርም።

ስለዚህ ሠረቀብርሃን አባቱን የሚያውቀው በእህቱ አፍ ነው። መብራት ሲጠፋ ጠጋ ይልና «የዛፉን ቤት ንገሪኝ» ይላታል። ትነግረዋለች። እያደር ደግሞ ትንሽ ትንሽ ጨመረችበት። አባባ ደረጃውን እየሮጠ ወጣ። አባባ ድልድዩ ላይ እጁን ለቅቆ ተራመደ። አባባ ምንም ነገር አይፈራም ነበር። ልጁ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል፤ እሱ እንዲያ ሲያዳምጥ እሷም ሌላ ትጨምርለታለች።

ክንዱ በጄሶ ታስሮ ከጤና ጣቢያ የተመለሰ ዕለት እናታቸው አልተቆጣችም። ልብስ ስፌት ማኅበሩ ውስጥ የያዘችውን ሥራ ጥላ ነበር የመጣችው፤ ሹራቧ ላይ ቁርጥራጭ ክር እንደተጣበቀ ነው። አጠገቡ ተቀምጣ ፀጉሩን ዳበሰችው።

«ለምን ወጣህ የኔ ጌታ? ከፍታ እንደሚያስፈራህ እያወቅህ?»

«አባባ አይፈራም ነበር።»

ፀጉሩን ትዳብስ የነበረችው እጅ ቆመች።

«እጄ ሲድን ደግሜ እወጣለሁ» አለ ሠረቀብርሃን። «እስከ ላይ፣ የቤቱ ምስማር ያለበት ድረስ። ለይኩንም ያየኛል።»

ዘውድነሽ ቀና ብላ ሴት ልጇን አየቻት። ረዥም እይታ ነበር። የማርያምወርቅ አሁን ልትቆጣኝ ነው ብላ ጠበቀች። እናቷ ግን ተነሥታ ለልጁ ሻይ ልታፈላ ሄደች።

ነገሩ የተነሣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እናትና ልጅ ከቤቱ ጀርባ አንሶላ ያጥቡ ነበር። ግራና ቀኝ ይዘው ሊጨምቁት ሲሉ ዘውድነሽ እጇን ገታ አደረገች።

«ወርቄ፣ የዛፉ ቤት ላይ ይዞሽ የወጣው ሰው ምን ይመስል ነበር?»

የማርያምወርቅ ግራ ገባት። እናቷ ስለዚያ ቀን ጠይቃት አታውቅም። «አባባ ነዋ።»

«ፊቱን ነው የምልሽ። ፊቱን ታስታውሻለሽ?»

«ጺሙን አስታውሳለሁ። ይወጋኝ ነበር።»

«አባትሽ ጺም አሳድጎ አያውቅም» አለች ዘውድነሽ። አንሶላውን አንዴ ጠመዘዘችው፤ ውሃው በእግራቸው መሃል ፈሰሰ። «በየቀኑ ነበር የሚላጨው። ይዞሽ የወጣው ገመዳ ነው፣ ጓደኛው። ሾላ ጥራጥሬ የሚሸጠው።»

«አይደለም።»

«እኔም እኮ ነበርኩ፣ ልጄ። መጫወቻው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። አባትሽ አልወጣም።»

የማርያምወርቅ አንሶላውን ለቀቀችው። ጫፉ ጭቃ ላይ ወደቀ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? ይሄን ሁሉ ዓመት ለሠረቀ ስነግረው ትሰሚ ነበር።»

«እሰማ ነበር።» ዘውድነሽ የጎረቤቱን መስኮት ቃኘች፣ ድምጿንም ዝቅ አደረገች። ስለ ባሏ ሰው ሲጠይቃት እንዲህ ማድረግ ልማድ ሆኖባታል። «ፎቶውን አቃጠልኩ። ስሙን መጥራት እንኳ ፈራሁ። አንቺ ያን ወሬ ስትጀምሪ ፊትሽ ይበራል። እሱን ደግሞ ቀምቼሽ ምን ልተውልሽ? አሁን ግን ልጁ ዛፍ ላይ ሊሞትብኝ ነው።»

አንሶላውን አንሥታ መልሳ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አላወራችም።

ከምሳ በኋላ የማርያምወርቅ ወደ ሾላ ወረደች። በልቧ እናቷ ተሳስታ እንድትሆን እየተመኘች ነበር። ሰው ይሳሳታል። ገመዳ «እኔ? ኧረ አባትሽ ነው» ቢላት ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥላል።

ገመዳን ታውቀዋለች። በሱቁ ደጃፍ ስታልፍ ሁሌም ጠርቶ ሰላም ይላታል፤ የተቆላ ሽምብራ ዘግኖ ይሰጣታል። ከአባቷ ጋር አንድ ማተሚያ ቤት ይሠሩ እንደነበር ሰምታለች። ጴንጤ ነው ይባላል፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሱም ጥቂት ጊዜ ታስሮ ተፈቷል። ያን ቀን ለአንዲት ሴት ምስር እየሰፈረ አገኘችው። ጺሙ ሸብቷል።

«ጋሽ ገመዳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት መጥቼ ነው።»

«ጠይቂ ልጄ።»

«ስለ ሙሴ ኒኮላ የዛፍ ቤት ነው።»

ገመዳ ሴትዮዋን ሸኝቶ የሚሰፍርበትን ጣሳ ጆንያው ላይ አስቀመጠ። ከጎኑ ያለችው በርበሬ ሻጭ ከደንበኛ ጋር ትከራከራለች። በርጩማ ስቦ «ቁጭ በይ» አላት።

«እርስዎ ነዎት ይዘውኝ የወጡት?»

«እኔ ነኝ።»

«ደወሉንም?»

«ደወሉንም። ገመዱ ከበደሽ፤ እጄን በእጅሽ ላይ አድርጌ አብረን ሳብነው።»

የማርያምወርቅ እጆቹን አየች። ጉልበቱ ላይ አሳርፏቸዋል፤ ትልልቅ ናቸው፣ የእህል አቧራ በመዳፋቸው መስመር ገብቷል። እነዚህ እጆች ሽምብራ ሲዘግኑላት ስንት ጊዜ አይታለች። ሰውየው ምንም አልበደላትም፤ እሷ ግን ተናደደችበት።

«አባቴስ? ሳይመጣ ቀርቶ ነው?»

«እንዴት ይቀራል? እሱ ነው እኮ ያመጣሽ። ሳምንቱን ሙሉ የዛፍ ቤት፣ የዛፍ ቤት ስትይበት ከርመሻል። ግን ሣህሌ ከፍታ አይችልም። ማተሚያ ቤት አምፖል ሲቃጠል መሰላል ላይ የሚወጣው ሁሌ እኔ ነበርኩ።» ገመዳ ፈገግ አለ። «ያን ቀን ይዞሽ ጀመረ። ጥቂት ደረጃ እንደወጣ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ። ‹ገመዳ፣ እባክህ አንተ ያዛት፣ እኔ እፈራለሁ› አለኝ። ሌሎች አባቶች ከኋላው ተሰልፈው ይሰማሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰበብ ይፈልጋል፤ ራሴን አመመኝ ምናምን ይላል። እሱ እፈራለሁ አለ፣ አለቀ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔና አንቺ ወጣን። ድልድዩ ላይ ስንገባ ቁልቁል አየሁት። ሁለት እጁን እንዲህ ዘርግቶ» አለና ገመዳ ከሰው እቅፍ ሕፃን እንደሚቀበል ሰው እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋ፣ «ቀና ብሎ እያየ፣ እኛ ስንራመድ እሱም ከሥራችን ይራመዳል። ድንጋይ አደናቀፈው፣ በጉልበቱ ወደቀ። ተነሣና እጁን መልሶ ዘረጋ። ሰው ሳቀበት። ‹ምነው ሰውዬ፣ ከዚያ ላይ ብትወድቅ ልትይዛት ነው?› አሉት። አልሰማቸውም። ደወሉ እስኪደወል እጁን አላጠፈም።»

የበርበሬ ሻጯ ክርክር አብቅቶ ነበር። ገመዳ እንደ ልማዱ ሽምብራ ዘገነላት፤ እሷም ነጠላዋን ዘርግታ ተቀበለችው።

ዳገቱን በእግሯ ወጣች። እየሄደች ያን ቀን ከላይ ሆና ቁልቁል ለማየት ሞከረች። ድልድዩን አገኘችው፣ የገመዱን ሻካራነት አገኘችው። ከታች ግን ምንም የለም። ሣሩ እንኳ የለም። ያን ጊዜ ወደ ደወሉ ነበር የምታየው። ከሥሯ አንድ ሰው እየተደናቀፈ ሲከተላት እሷ አንዴም ዝቅ ብላ አላየችውም።

ከዚያ ስለ ሠረቀ አሰበች። እንዳይወጣ ለማድረግ እውነቱን መናገር የግድ አልነበረም። «አባባ ትልቅ ሳይሆኑ ማንም እንዳይወጣ ይል ነበር» ብትለው በቂ ነው። ያምናታል። የምትለውን ሁሉ ያምናል። መሃል መንገድ ላይ ቆመች፤ ያስፈራት ይኸው ማመኑ ነበር። ደግሞ እውነቱን ብትነግረው፣ አባቱን ከእጁ እንደ መንጠቅ አይሆንም? ለክፍሉ ልጆች ሁሉ ተናግሯል። ነገ ውሸታም ቢሉትስ? እሷንስ ከእንግዲህ ምን ያምናታል?

ቤት ስትደርስ ምንም አልተናገረችም። ማታም «የዛፉን ቤት ንገሪኝ» ሲላት ደክሞኛል አለችው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሠረቀብርሃን ከቤት ጠፋ። የት እንዳለ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ጥዱ ሥር ጄሶውን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ቅርንጫፎቹን ይመረምራል። ዛሬ ብቻውን ነው።

«ደረቅ ደረቆቹን እየለየሁ ነው» አለ ሳይዞር። «በዚያ በኩል ብወጣ ይሻላል መሰለኝ። አባባ በየት በኩል ነበር የወጣው?»

የማርያምወርቅ አጠገቡ ተቀመጠች። ከከተማው ጭስና የመኪና ድምፅ ተደባልቆ ይመጣል። በዚህ በኩል ነው ብላ ጣቷን ብትቀስር ይበቃ ነበር።

«አልወጣም» አለች።

«ምን?»

«አባባ አልወጣም። ይዞኝ የወጣው ጋሽ ገመዳ ነው። እኔ ትናንትና ነው ያወቅሁት። የሮጠውን፣ ድልድዩ ላይ እጁን የለቀቀውን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ሠረቀብርሃን ቀስ ብሎ ዞረ። ጆሮው ቀልቷል።

«ዋሽተሽኛል።»

«አዎ።»

«ለይኩንን ምን ልበለው? ለሁሉም ተናግሬያለሁ እኮ።»

«አላውቅም፣ ሠረቀ።»

ተነሣና ሄደ። ባሕር ዛፎቹ ጋ እስኪደርስ አየችው። አልጠራችውም። ሊመለስ ነው ብላም አልጠበቀችም። ልጁ ግን ቆመ፤ በእግሩ ቅጠል እየገፋ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ ከዚያው ሆኖ ጠየቃት።

«ለምን አልወጣም?»

«ፈርቶ።»

«አባባ?»

«ጥቂት ደረጃ እንደወጣ አልቻለም። ‹እኔ እፈራለሁ› ብሎ ለጓደኛው ሰጠኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ።»

ሠረቀብርሃን ወደ እሷ መጣ። ግን አልተቀመጠም።

«ሆዱን ባዶ አደረገው? እንዲህ፣ አንጀቱ የሌለ ያህል? እኔን እዚያ ላይ እንደዚያ ነው ያደረገኝ።»

«እንደዚያ ሳያደርገው አይቀርም።»

ተቀመጠ። ጉልበቱ ጉልበቷን ነካ። ያኔ የቀረውን ነገረችው፤ ድልድዩን፣ የተዘረጉትን እጆች፣ ድንጋዩን፣ ሰዎቹ እንዴት እንደሳቁ። ገመዳ የነገራትን ብቻ፣ እሱ እንደነገራት አድርጋ። ታሪኩ ቶሎ አለቀ። እሷ ስትጨምርበት ከነበረው በጣም ያጠረ ነበር።

ሠረቀብርሃን ጥዱን ትቶ ሣሩን ያያል፤ ከግንዱ ተነሥቶ ማዶ የተቆረጠው ጥድ ጉቶ እስካለበት ድረስ።

«ምን ለብሶ ነበር?»

ሰማያዊ ሸሚዝ የሚል ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ከየት እንደመጣ አታውቅም።

«አላውቅም» አለች።

«ደወሉን ስትደውሉ ምን አለ?»

«እሱንም አላውቅም። እማዬ ናት የምታውቀው። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር።»

«እማዬ ስለ አባባ አታወራም።»

«ጠይቀናት አናውቅም።»

ልጁ በደህናው እጁ መሬቱን ተመርኩዞ ተነሣ፤ ሱሪው ላይ የተጣበቀውን ሣር አራገፈ።

«ማን ይጀምራል?» አለ።

«እኔ» አለች የማርያምወርቅ፤ ቁልቁለቱንም አብረው ያዙት።